የክራፍት ሃይንዝ የወለድ ሽፋን ከ5 ወደ 1.8 ወረደ፤ ኩባንያው ዕዳውን መክፈል እያቃተው ነው?

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ በቨርጂኒያ ነው። ከጡረታ ቁጠባዬ ውስጥ ቀላል የማይባለውን በአሜሪካው የምግብ ኩባንያ በክራፍት ሃይንዝ አክሲዮን ላይ አውዬዋለሁ። በቅርቡ ሒሳቡን ስመለከት የወለድ ሽፋኑ በ2023 5 እጥፍ ገደማ የነበረው በ2024 ወደ 1.8 ወርዷል። የወለድ ወጪው ግን በሁለቱም ዓመታት ያው ነው። ኩባንያው ዕዳውን መክፈል እያቃተው ነው? የወለድ ወጪን እንዴት ነው ማንበብ ያለብኝ? ወንድሜም አዲስ አበባ ካለ አንድ የምግብ ፋብሪካ ላይ ድርሻ እንግዛ እያለኝ ነው፤ ለዚያስ ይኸው ስሌት ይሠራል?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። አብዛኛው ባለአክሲዮን የትርፍ ድርሻው በጊዜው ከገባለት ኩባንያው ለአበዳሪዎቹ ስንት እንደሚከፍል አይመረምርም። እርስዎ መርምረዋል፤ ያገኙትም ቁጥር ሊያስደነግጥ የሚችል ነው። ስለዚህ በሰፊው ልመልስልዎ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የገንዘቡ ልክም፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ የአሜሪካ ዶላር ነው።

ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልናገር። ኩባንያው ወለዱን መክፈል አላቃተውም። በ2024 ያሽቆለቆለው ወለድ የሚከፈልበት ገንዘብ ሳይሆን በመዝገብ ላይ የሰፈረ የንብረት ዋጋ ነው። ነገር ግን «ኩባንያው ዕዳውን ይከፍላል ወይ?» እና «የእኔ ገንዘብ ደህና ነው ወይ?» የሚሉት ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው። በዚህ ኩባንያ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «አዎን» ሊሆን የቻለው አንድ ጊዜ በባለአክሲዮኖቹ ኪስ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

እርስዎ ያዩት ስሌት ቀላል ነው። ከሥራ እንቅስቃሴ የተገኘው ትርፍ፣ ማለትም ወለድና የገቢ ግብር ከመቀነሳቸው በፊት ያለው ትርፍ፣ ለወለድ ወጪው ይካፈላል። በ2023 የሥራ ትርፉ 4.57 ቢሊዮን፣ የወለድ ወጪው 912 ሚሊዮን ነበር፤ ሲካፈል 5 ይሆናል። በ2024 የሥራ ትርፉ ወደ 1.68 ቢሊዮን ወረደ፤ ወለዱ እዚያው 912 ሚሊዮን ላይ ቆየ፤ ውጤቱ 1.8 ነው። አካፋዩ ከቦታው አልተነቃነቀም። እንግዲህ መመርመር ያለበት ተካፋዩ ነው፤ ትርፉን ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ ያሳነሰው ምንድን ነው?

ሽያጩ አይደለም። ሽያጩ ከ26.6 ወደ 25.8 ቢሊዮን፣ ማለትም በ3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የቀነሰው። ትርፉን የበላው ኩባንያው በዚያ ዓመት በመዝገቡ ላይ ያካሄደው 3.7 ቢሊዮን ገደማ የሚሆን የንብረት ዋጋ ቅነሳ ነው። ይህን ቅነሳ መልሰው ቢደምሩት፣ ኩባንያው «የተስተካከለ» የሚለው የሥራ ትርፍ 5.36 ቢሊዮን ይሆናል። በዚህኛው ሲሰላ የወለድ ሽፋኑ ወደ 6 ይጠጋል። ስለ አንድ ኩባንያ፣ በአንድ ዓመት፣ ሁለት መልስ አለን ማለት ነው፤ 1.8 እና 5.9። ሁለቱም ስሌቶች ትክክል ናቸው።

ይህ ቅነሳ ከየት መጣ የሚለውን ለመረዳት ወደ ኩባንያው አመሠራረት መመለስ ያስፈልጋል። በ2013 ስሪጂ ካፒታል የተባለው የብራዚላውያን ባለሀብቶች ድርጅት ከባለሀብቱ ዋረን በፌት ኩባንያ ከበርክሻየር ሃታዌይ ጋር ሆኖ ሃይንዝን፣ ዕዳውን ጨምሮ፣ በ28 ቢሊዮን ገደማ ገዛ። በጁላይ 2015 ደግሞ ሃይንዝ ከክራፍት ጋር ተዋሐደ። አንድ ኩባንያ ሌላውን ከፋብሪካዎቹና ከመጋዘኖቹ ዋጋ በላይ ከፍሎ ሲጠቀልል፣ ልዩነቱ በመዝገብ ላይ የንግድ ምልክት እና ጉድዊል (ለመልካም ስምና ለመሳሰለው የተከፈለ ዋጋ) ተብሎ ይሰፍራል። ከውሕደቱ በኋላ ከኩባንያው 120 ቢሊዮን ገደማ ጠቅላላ ንብረት ውስጥ ከ100 ቢሊዮን በላይ የሚሆነው እንዲህ ያለ የማይዳሰስ ንብረት ነበር። ይህ ዋጋ በየጊዜው ይፈተሻል፤ ወደፊት ያስገኛል ተብሎ የተገመተው ገንዘብ ካነሰ ከመዝገቡ ላይ ይቀነሳል፤ ቅነሳውም በዚያው ዓመት ትርፍ ላይ እንደ ወጪ ይወርዳል። ከባንክ ግን አንድ ሳንቲም አይወጣም። ደመወዙ ያልተነካ ሰው የቤቱ የገበያ ዋጋ ቢወርድበት የወር ክፍያውን ከመክፈል አይስተጓጎልም፤ የደኸየው በመዝገብ ነው።

በዚህ ምክንያት የዋጋ ቅነሳ ባለበት ዓመት የወለድ ሽፋንን በጥሬው ማንበብ ያሳስታል። ለዚህ ከ2018 የተሻለ ምሳሌ የለም። በፌብሩዋሪ 2019 ኩባንያው የ15.4 ቢሊዮን የዋጋ ቅነሳ ይፋ አደረገ፤ ክራፍትና ኦስካር ማየር የተባሉት ትልልቅ ምልክቶቹ ሳይቀሩ ተቀነሰባቸው። የዓመቱ የሥራ ውጤት ከ10 ቢሊዮን በላይ ኪሳራ ሆኖ ታየ፤ የወለድ ሽፋኑም ከዜሮ በታች ወረደ። በማግስቱ አክሲዮኑ 27 በመቶ ገደማ ወደቀ። ሆኖም በዚያው 2018 የተስተካከለው ኢቢትዳ፣ ማለትም ወለድ፣ ግብርና የእርጅና ተቀናሽ ከመነሳታቸው በፊት ያለው ትርፍ፣ 7 ቢሊዮን አካባቢ ነበር። የወለድ ወጪው ደግሞ 1.28 ቢሊዮን ነው። ወለድ ሳይከፈል ያለፈበት ቀን አልነበረም።

አሁን ግን ወደ ሌላኛው ጫፍ እንዳንሄድ። የኩባንያ ኃላፊዎች የዋጋ ቅነሳን «ጥሬ ገንዘብን የማይነካ» እያሉ በአንድ ሐረግ ሲያልፉት ደስ አይለኝም። እውነት ነው፣ ገንዘብ አይወጣም። ግን ለምን ተቀነሰ? የወደፊቱ ሽያጭ ቀድሞ ከተገመተው በታች እንደሚሆን ኩባንያው ራሱ ስላመነ ነው። በጁላይ 2025 እንደገና የ9.3 ቢሊዮን ቅነሳ ሲያስታውቅ፣ አዲስ ዕዳ መሸከሙን ሳይሆን ያለውን ዕዳ የሚሸከሙት ምልክቶች መዳከማቸውን ነው የነገረን። እኔ የዋጋ ቅነሳን ከዘንድሮው የወለድ ሽፋን ላይ አውጥቼ፣ ለመጪዎቹ 5 እና 10 ዓመታት ሽፋን እንደ ማስጠንቀቂያ እይዘዋለሁ። የአሜሪካ ሸማች የመደብር ስም የለጠፉ ርካሽ ምርቶችን ማንሳት ሲያበዛ፣ ኩባንያው ዋጋ ጨምሮ ሽያጩን ለጥቂት ጊዜ ሊያቆየው ይችላል። ስለዚህ የሽያጭ ገንዘቡን ብቻ አይዩ፤ በየሩብ ዓመቱ መግለጫ ላይ ዋጋ ምን ያህል እንደጨመረ፣ የተሸጠው መጠን ደግሞ ምን ያህል እንደተለወጠ ተለይቶ ይጻፋል። ዋጋ እየወጣ መጠኑ ለዓመታት ከወረደ፣ ወለዱን የሚሸፍነው ትርፍ መሠረቱ እየተሸረሸረ ነው።

ወደ ወለድ ወጪው እንምጣ። በሁለት ተከታታይ ዓመታት 912 ሚሊዮን ላይ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። የክራፍት ሃይንዝ ዕዳ በአብዛኛው በቋሚ ወለድ የተሸጠ ቦንድ፣ ማለትም ኩባንያው ለባለሀብቶች ሸጦ የሚበደርበት የዕዳ ሰነድ ነው፤ መጠኑም በእነዚህ ዓመታት ከ19 እስከ 20 ቢሊዮን አካባቢ ነው። 912 ሚሊዮኑን ለዚያ ቢያካፍሉት 4.6 በመቶ ገደማ ያገኛሉ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ከማርች 2022 እስከ ጁላይ 2023 ወለዱን ከዜሮ አጠገብ አንሥቶ 5.25–5.50 በመቶ ሲያደርሰው፣ ይህ ኩባንያ ያን ያህል ያልተንገዳገደው ለዚህ ነው። የተወሰኑት ቦንዶች የሚመለሱት ከ2046 በኋላ ነው። ቋሚ ወለድ ግን ዘላለማዊ አይደለም። ለምሳሌ በጁን 2026 የሚመለስ፣ 3 በመቶ ብቻ የሚከፈልበት፣ ወደ 2 ቢሊዮን የሚጠጋ ቦንድ ነበረው። ያ ገንዘብ በ5 በመቶ አዲስ ብድር ይተካ ብንል፣ የዓመቱ የወለድ ወጪ በ40 ሚሊዮን አካባቢ ይጨምራል። ለዚህ ኩባንያ ትንሽ ነው። ስሌቱን ያሳየሁዎ ለሌላም ኩባንያ ራስዎ እንዲሠሩት ነው፤ በዓመታዊው ሪፖርት ውስጥ ስለ ዕዳ የሚናገረው ማብራሪያ በየትኛው ዓመት ስንት ዕዳ እንደሚመለስ ይዘረዝራል። ብዙ ዕዳ በአንድ ዓመት ላይ የተከመረበት ኩባንያ የወለድ ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢያምር ያሳስበኛል፤ ኩባንያዎች የሚወድቁት ብዙ ጊዜ በወለድ ቀን ሳይሆን ዋናው ብድር በሚመለስበት ቀን ነውና።

የወለድ ወጪ የሚለው መስመር በሁለት አቅጣጫ ሊያታልል ይችላል፤ ሁለቱንም በዚሁ ኩባንያ ማየት ይቻላል።

አንደኛው፣ ወጪው ዕዳ እየቀነሰ ሳለ ሊያብጥ ይችላል። በ2021 የወለድ ወጪው በድንገት ወደ 2.05 ቢሊዮን ዘለለ። ያን ዓመት የተመለከተ ሰው ኩባንያው በዕዳ ሰጠመ ሊል ይችላል። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ኩባንያው የፕላንተርስ ለውዝ ሥራውን ለሆርሜል በ3.35 ቢሊዮን ሸጠ፤ የአይብ ሥራውን ከፊል ደግሞ ለፈረንሳዩ ላክታሊስ ከ3 ቢሊዮን በላይ ሸጠ፤ በእጁ ከገባው ገንዘብ ቦንዶቹን ከጊዜያቸው በፊት መልሶ ገዛ። ቦንድ ያለ ጊዜው ሲገዛ ለባለቤቱ ተጨማሪ ይከፈላል፤ ይህ ከ900 ሚሊዮን በላይ የሆነው ኪሳራ በወለድ ወጪው መስመር ውስጥ ተካትቶ ተመዘገበ። በቀጣዩ ዓመት ወለዱ 921 ሚሊዮን ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሚያዩት 912 የዚያ ሥራ ፍሬ ነው፤ በ2020 እኮ 1.39 ቢሊዮን ነበር።

ሁለተኛውና የበለጠ የሚያሳስበኝ፣ እውነተኛ ሸክም ከወለድ ወጪው ውጭ ሊደበቅ መቻሉ ነው። በ2013ቱ ግዢ በርክሻየር ሃታዌይ 8 ቢሊዮን የሚያወጣ፣ በዓመት 9 በመቶ የሚከፈልበት ቅድሚያ ያለው አክሲዮን ወስዶ ነበር። ይህ በዓመት 720 ሚሊዮን ነው። ስሙ አክሲዮን ስለሆነ ክፍያው የትርፍ ድርሻ ተብሎ ከተጣራው ትርፍ በታች ይመዘገብ ነበር፤ በወለድ ሽፋን ስሌት ውስጥ አይገባም። በጁን 2016 ኩባንያው ይህን አክሲዮን መልሶ ገዛ፤ ለዚያም በጣም ባነሰ ወለድ ቦንድ ሸጠ። የወለድ ወጪው ጨመረ፤ እውነተኛው ሸክም ግን ቀለለ፤ ያውም ወለድ ከግብር በፊት የሚቀነስ ሲሆን የትርፍ ድርሻ አይቀነስም። ስለዚህ የማንኛውንም ኩባንያ የወለድ ወጪ ሲያዩ፣ ከተራ ባለአክሲዮኖች በፊት ገንዘብ የሚወስድ ሌላ ወገን አለ ወይ ብለው ይጠይቁ።

ስለ ተካፋዩም አንድ ነገር ልጨምር። ከላይ የጠቀስኩት ኢቢትዳ በአበዳሪዎች ዘንድ የተወደደ መለኪያ ነው፤ ለምግብ ኩባንያ ግን ለጋስ ነው ብዬ አምናለሁ። የማሸጊያ መስመር ያረጃል፤ ማቀዝቀዣ ይተካል፤ የደኅንነት ደንብ ሲቀየር ማሽኑም አብሮ ይቀየራል። ክራፍት ሃይንዝ በ2024 ለእንዲህ ያለው ወጪ 1 ቢሊዮን ገደማ አውጥቷል። ይህ ገንዘብ ወለድ ሊከፈልበት አይችልም፤ ካልወጣ ፋብሪካው ይቆማል። ስለዚህ እኔ ከኢቢትዳ ላይ የማሽንና የሕንፃ ወጪውን ቀንሼ ነው ለወለድ የማካፍለው። «የተስተካከለ» የተባለ ቁጥር ሁሉ ደግሞ ከኩባንያው እጅ የሚወጣ ነው። ይኸው ኩባንያ ከ2015 መጨረሻ እስከ 2018 ከአቅራቢዎች ያገኘውን ቅናሽ ያለጊዜው በመመዝገቡ የቀደሙ ሒሳቦቹን አርሟል፤ በሴፕቴምበር 2021ም የአክሲዮን ገበያውን ለሚቆጣጠረው ለአሜሪካ የሴኪዩሪቲስና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን 62 ሚሊዮን ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። የተሳሳተው ሒሳብ ከትርፉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነበር። ያም ሆኖ ሽፋኑ ቀጭን በሆነ ኩባንያ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት የአበዳሪን ውሳኔ ይለውጣል።

የማልደራደርበት መለኪያ ከሥራ እንቅስቃሴ የገባ ጥሬ ገንዘብ ነው። በአሜሪካ የሒሳብ ደንብ ይህ ቁጥር ወለዱ ከተከፈለ በኋላ የሚቀረው ነው። ክራፍት ሃይንዝ በ2024 4.18 ቢሊዮን አስገብቷል፤ ልብ ይበሉ፣ ወለዱ ከዚህ ላይ አስቀድሞ ተነሥቷል። የማሽኑን 1 ቢሊዮን ቀንሱ፤ 3.2 ቢሊዮን ገደማ ይቀራል። የትርፍ ድርሻው 1.9 ቢሊዮን አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላም ከ1 ቢሊዮን በላይ ይተርፋል። በተጨማሪም ሳይነካ የተቀመጠ የ4 ቢሊዮን የባንክ ብድር ፈቃድ ነበረው። «ወለዱን መክፈል አላቃተውም» ብዬ ያለ ማመንታት የምናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅድም ወደ እሱ እመለሳለሁ ያልኩት የባለአክሲዮኖች ኪስ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ2018 መጨረሻ ዕዳው 31 ቢሊዮን ነበር፤ በእጅ ያለው ጥሬ ገንዘብ ተቀንሶ ለኢቢትዳ ሲካፈል 4.3 እጥፍ ገደማ ይሆናል። የሚከፍለው የትርፍ ድርሻ ደግሞ በዓመት ከ3 ቢሊዮን በላይ ነበር። በ2019 ከሥራ የገባው ገንዘብ 3.55 ቢሊዮን፣ ለማሽን የወጣው 770 ሚሊዮን አካባቢ ነው፤ የቀረው 2.8 ቢሊዮን አይሞላም። የድሮው የትርፍ ድርሻ ቢቀጥል ኖሮ ኩባንያው ዕዳ መቀነስ ቀርቶ ለባለአክሲዮኖቹ ለመክፈል ሊበደር ነበር። አስተዳደሩ የሩብ ዓመቱን ክፍያ በአንድ አክሲዮን ከ62.5 ሳንቲም ወደ 40 ሳንቲም የቀነሰው ለዚህ ነው። ይህም ሆኖ በፌብሩዋሪ 2020 የተበዳሪዎችን ብቃት የሚመዝኑት ኤስ ኤንድ ፒ እና ፊች የኩባንያውን ደረጃ ለኢንቨስትመንት ከሚመጥነው በታች፣ በተለምዶ ጃንክ ወደሚባለው፣ አወረዱት። ወደ ቀድሞው ደረጃ የተመለሰው በ2022 ነው፤ በ2024 መጨረሻ ያ 4.3 ወደ 3 እጥፍ አካባቢ ወርዶ ነበር። ዕዳው የተቃለለው ሥራዎችን በመሸጥና ለባለአክሲዮኖች ሊሰጥ ይችል የነበረውን ገንዘብ በመያዝ ነው። ቦንዱን የያዘው ሰው ወለዱን አንድ ቀን ሳይዘገይ ወሰደ፤ አክሲዮኑን የያዘው ሰው ዋጋውም ገቢውም ወረደበት። እርስዎ ሁለተኛው ነዎት። ስለዚህ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከወለድ ሽፋኑ ይልቅ የትርፍ ድርሻ ሽፋኑን በየዓመቱ አሰላ ነበር፤ ከሥራ የገባ ገንዘብ፣ ሲቀነስ የማሽን ወጪ፣ ለትርፍ ድርሻው ሲካፈል። በ2024 ይህ 1.6 ገደማ ነው። ወደ 1.2 ቢጠጋ፣ ከአበዳሪዎቹ በፊት መጨነቅ ያለብዎት እርስዎ ነዎት። የጡረታ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ብዙውን በአንድ ኩባንያ ላይ ማሳረፍ፣ ኩባንያው ማንም ቢሆን፣ አልደግፈውም።

ዕዳ በእርግጥ የሰበረው የምግብ ኩባንያ ምን እንደሚመስል ለማነጻጸር ዴል ሞንቴ ፉድስን ይመልከቱ። በጣሳ የታሸገ ፍራፍሬና አትክልት የሚሸጠውን የአሜሪካውን ኩባንያ ማለቴ ነው፤ ትኩስ ሙዝና አናናስ የሚያቀርበው ፍሬሽ ዴል ሞንቴ ሌላ ድርጅት ነው። በጁላይ 2025 የኪሳራ ጥበቃ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ገባ። በወረርሽኙ ጊዜ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የታሸገ ምግብ ሲያከማች፣ ኩባንያው ያ ፍላጎት ይቀጥላል ብሎ ብዙ አመረተ። ፍላጎቱ ሲበርድ ጣሳው መጋዘን ሞላ፤ መጋዘን ኪራይ አለው፤ ዕቃውን ለመሸጥ ዋጋ መስበር ግድ ሆነ። ዕዳው ደግሞ በአብዛኛው ወለዱ ከገበያው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ነበር፤ በ2022 እና በ2023 ወለድ ሲያሻቅብ ክፍያው አብሮ አሻቀበ።

የዚህ ዘርፍ ልዩ ጠባይ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቲማቲም፣ ኮክ ወይም በቆሎ የሚያሽግ ፋብሪካ የዓመቱን ጥሬ ዕቃ በጥቂት የመከር ሳምንታት ይገዛል፤ ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል። ስለዚህ ከመከር በኋላ ዕዳው ጣሪያ ይነካል፤ ከአዲሱ መከር በፊት ይወርዳል። የሒሳብ ዓመቱ ዕዳው ዝቅ ባለበት ወር የሚዘጋ ከሆነ፣ በመዝገብ ላይ የሚታየው ዕዳ ከዓመቱ አማካይ በእጅጉ ያንሳል። ይህን የሚያጋልጠው የወለድ ወጪው ነው፤ የዓመቱ ወለድ ዓመቱ ሲዘጋ ለታየው ዕዳ ሲካፈል 12 ወይም 15 በመቶ ከመጣና ባንኩ የሚያበድረው በ8 በመቶ ከሆነ፣ በዓመቱ መካከል ያልታየ ብዙ ዕዳ ነበር ማለት ነው። ይህን ስሌት በጣም እወደዋለሁ፤ ሁለት ቁጥር ብቻ ይጠይቃል፤ የሚናገረው ግን ብዙ ነው።

ወደ ወንድምዎ ፋብሪካ ስንመጣ፣ ስሌቱ ይሠራል፤ የሚገቡት ቁጥሮች ግን ሌላ ጠባይ አላቸው። አገር ቤት ያለ የምግብ ፋብሪካ ዕዳው በአብዛኛው የባንክ ብድር እንጂ የ30 ዓመት ቦንድ አይደለም፤ የመመለሻ ጊዜው አጭር ነው። ስለዚህ ወለዱን ብቻ ሳይሆን በዓመቱ የሚመለሰውን ዋና ብድር ጭምር ደምረው ነው ከሥራ በገባው ገንዘብ ላይ መመዘን ያለብዎት። ወለዱን ሦስት እጥፍ የሚሸፍን ፋብሪካ ዋናው ብድር ሲታከልበት አንድም ላይሞላ ይችላል።

ማሽኑ በውጭ ምንዛሬ ብድር የተገዛ ከሆነ ደግሞ የጁላይ 2024ቱን የምንዛሬ ለውጥ ያስታውሱ። 1 ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የዶላር ወለዱ ሳይጨምር በብር የሚከፈለው እጥፍ ሊሆን ተቃረበ፤ ዱቄቱ ወይም ብስኩቱ የሚሸጠው ግን በብር ነው። ክራፍት ሃይንዝም በዩሮና በፓውንድ የተበደረው ዕዳ አለው፤ ሆኖም በእነዚያው አገሮች ስለሚሸጥ ገቢውና ዕዳው በአንድ ገንዘብ ይገናኛሉ። የወንድምዎ ፋብሪካ ወደ ውጭ የማይልክ ከሆነ ይህ መከላከያ የለውም።

ሁለት የሒሳብ ነጥቦችንም ልብ ይበሉ። በዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ መሠረት በግንባታ ላይ ላለ ፋብሪካ የተወሰደ ብድር ወለድ፣ ግንባታው እስኪያልቅ ድረስ በሕንፃውና በማሽኑ ዋጋ ላይ ይደመራል፤ በወለድ ወጪ መስመር አይታይም። በማስፋፊያ ላይ ያለ ፋብሪካ ወለዱ ትንሽ ሆኖ ከታየዎት ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ማስፋፊያው ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚመጣው ወለድ ግን በቀጥታ ወደ ትርፍና ኪሳራው ይወርዳል። በሌላ በኩል፣ ከአሜሪካው ደንብ በተለየ፣ የተከፈለ ወለድ ከሥራ በገባው ገንዘብ ውስጥ ሳይሆን ከብድር ጋር በተያያዘው ክፍል ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። እንዲያ ከሆነ ከሥራ የገባ ተብሎ የሚያዩት ገንዘብ ወለድ ገና ያልተነሣለት ነው፤ ከክራፍት ሃይንዝ ቁጥር ጋር ከማነጻጸርዎ በፊት ራስዎ ይቀንሱት።

ወንድምዎ ከመፈረሙ በፊት በኦዲተር የተመረመረውን የሦስት ዓመት ሒሳብ ከነማብራሪያው ይጠይቅ፤ ከባንኩ ጋር የተፈረመውን የብድር ውልና የመመለሻ ሰሌዳም እንዲያሳዩት ያድርግ። ውሉ ውስጥ ባንኩ ወለዱን መቼና በምን ምክንያት መለወጥ እንደሚችል የሚናገረውን አንቀጽ፣ እንዲሁም ዕዳው ሳያልቅ ለባለአክሲዮን የትርፍ ድርሻ መክፈል የሚከለክል አንቀጽ መኖር አለመኖሩን በራሱ ዓይን ያንብብ። ሰነዶቹን ካገኘ ቁጥሮቹን ይላኩልኝ፤ አብረን እናሰላቸዋለን።